የአበው ጕድጓዶችና የከርሰ ምድር ውኃ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ባለፈው ዓመት በዩኒቨርሲቲ ስለ ውኃ ሀብት ከምንማረው ትምህርት ጋር በተያያዘ ለመስክ ጉብኝት ወጥተን ነበር። በአንድ ኮረብታ ወገብ ላይ ካለች አነስተኛ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደረስን። ከቅጽርዋ በታች፣ ከጥቁር ዐለት ሥር፣ እንደ ጣት የቀጠነ ውኃ ይወርዳል። ምእመናን ተራ ይዘው ይጠመቃሉ፤ በጀሪካንም ይቀዳሉ። ከክፍል ጓደኞቼ አንዱ ወደ እኔ ዘወር አለና «ዲያቆን፣ ይህ እኮ የከርሰ ምድር ውኃ ነው። እናንተ ጠበል ስላላችሁት ሌላ ይሆናል እንዴ?» አለኝ። ተቆጣሁ። የመለስሁለት ነገር ቁጣ እንጂ መልስ አልነበረም፤ እስከ ዛሬም ሳስበው ያሳፍረኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ጥያቄው አልለቀቀኝም። በቅዱሳት መጻሕፍትና በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ ከምድር በታች ያለው ውኃ ምን ስፍራ አለው? ይህን ለማወቅ ያነበብሁትን ጥቂቱን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

«ከርሥ» በግእዝ ሆድ ማለት ነው፤ የከርሰ ምድር ውኃም በምድር ሆድ ያለ ውኃ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ስንሰማ ከመሬት በታች የሚፈስ ወንዝ ወይም የተኛ ሐይቅ ይታየናል። እንዲህ ያለው በአንዳንድ የኖራ ድንጋይ ዋሻዎች ይገኝ ይሆናል እንጂ አብዛኛው በአሸዋ ቅንጣት መካከልና በዐለት ስንጥቅ ውስጥ ሰርጎ የተቀመጠ ነው። በዓለም ካለው ጨው አልባ ውኃ 69 በመቶ ያህሉ በረዶ ሆኖ ረግቷል፤ 30 በመቶ ያህሉ በምድር ሆድ ውስጥ ነው። ዐባይንና ጣናን ጨምሮ በዓይናችን የምናየው የወንዝና የሐይቅ ውኃ ሁሉ ቢደመር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ይህ የተሰወረ ውኃ ከየት እንደሚመጣ የጥንት ሰዎች ብዙ ተመራምረዋል። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ታላቁ ቅዱስ ባስልዮስ ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ሲያስተምር፣ የባሕር ውኃ በምድር ውስጥ በተሰወሩ መተላለፊያዎች እያለፈ ጨውነቱን ትቶ ምንጭ ሆኖ እንደሚወጣ ተናግሯል። በዘመኑ በነበሩት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ አሳብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1674 ፒየር ፔሮ የተባለ ፈረንሳዊ በሴን ወንዝ ራስጌ የሚዘንበውን ዝናም ለክቶ፣ ዝናሙ ወንዙ ይዞት ከሚሄደው ውኃ ስድስት እጥፍ ያህል መሆኑን አሳየ። ምንጭ የዝናም ልጅ መሆኑ በቍጥር የተረጋገጠው ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህ የቅዱሱ ክብር አይጎድልም፤ እርሱ ሕዝቡን ያስተማረው ፍጥረትን አይቶ ፈጣሪን እንዲያመሰግን ነበርና። ይህን ማንሳቴ፣ የአባቶች የተፈጥሮ ዕውቀት በዘመን ሲታረም ሃይማኖት የተነካ እየመሰለን የምንደነግጥ ስላለን ነው። እኔም ከእነዚያ አንዱ ነበርሁ።

አሁን ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26ን ግለጡ። ይስሐቅ በጌራራ ሳለ ዘርቶ መቶ እጥፍ አገኘ፤ መንጋውና አገልጋዮቹ በዙ፤ ፍልስጥኤማውያንም ቀኑበት። ቅናታቸውን የገለጡበት መንገድ ግን ያስገርማል። መንጋውን እንደ ዘረፉ፣ አዝመራውን እንዳቃጠሉ አልተጻፈም። በአባቱ በአብርሃም ዘመን የተቈፈሩትን ጕድጓዶች አፈር ሞልተው ደፈኑ። ልብ በሉ፤ ጕድጓዱ የደፈነውንም ሰው ያጠጣው ነበር። በደረቅ አገር የውኃ ጕድጓድ መድፈን የገዛ ጕሮሮን ማነቅ ነው፤ ቅናት ግን ይህን አያሰላም።

ይስሐቅ ከከተማው እንዲወጣ በታዘዘ ጊዜ ወደ ሸለቆው ወርዶ ሰፈረ። አስቀድሞ ያደረገው ነገር የአባቱን ጕድጓዶች እንደ ገና ማስቈፈር ነው። አዲስ ስምም አላወጣላቸውም፤ አባቱ በጠራቸው ስም ጠራቸው። ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አንብቤው አልፌዋለሁ። አፈር የተሞላን ጕድጓድ መልሶ መጥረግ ግን አዲስ ከመቈፈር የማይተናነስ ድካም እንዳለው የሚያውቅ ሰው ቆም ብሎ ያስባል። ይስሐቅ ባለጠጋ ነበር፤ በአዲስ ጕድጓድ ላይ የራሱን ስም መትከል ይችል ነበር።

ከዚህ በኋላ አገልጋዮቹ በሸለቆው ቈፍረው የሚፈልቅ ውኃ አገኙ። በእንዲህ ያለው በረሃማ አገር ሸለቆው ከላይ ሲታይ ደረቅ አሸዋ ነው። ጎርፍ በዓመት ጥቂት ቀን ብቻ ያልፍበታል፤ ነገር ግን ከጎርፉ የሰረገው ውኃ ከአሸዋው ሥር ወራትን ይቆያል። የአበው እረኞች መሣሪያ ሳይኖራቸው ይህን ያውቁ ነበር። የጌራራ እረኞች ግን «ውኃው የእኛ ነው» በሚል ተከራከሯቸው። ይስሐቅ የመጀመሪያይቱን ጕድጓድ ኤሴቅ አላት፤ ጠብ ማለት ነው። ሁለተኛይቱን ስጥና አላት፤ ጠላትነት ማለት ነው። ሁለቱንም ትቶ ሄደ። ስለ ሦስተኛይቱ አልተጣሉትምና ርኆቦት አላት፤ ስፋት ማለት ነው። ብዙ ጊዜ ስለ ይስሐቅ ትዕግሥት ሲሰበክ ርኆቦት ትነሣለች። እኔን የሚገርመኝ ግን ኤሴቅና ስጥናም በመጽሐፍ መቅረታቸው ነው። ትዕግሥተኛው ሰው ግፉን አልካደም፤ ስም ሰጥቶት አለፈ እንጂ። በመጨረሻም በቤርሳቤህ መሠዊያ ሠራ፤ ያሳደደው አቤሜሌክ ራሱ መጥቶ ቃል ኪዳን ተጋባው፤ በዚያው ቀን አገልጋዮቹ ውኃ ማግኘታቸውን ነገሩት።

ጕድጓድን ከቈፋሪው ስም ጋር አስተሳስሮ መጠበቅ የአበው ብቻ አይደለም። በአገራችን በቦረና ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጕድጓዶች ዘንድ ጕድጓዱን የቈፈረው ሰው ዘር «አባ ኮንፊ» እየተባለ ኃላፊነቱን ይወርሳል፤ የየዕለቱን የማጠጣት ተራ ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ያስከብራል። ሰዎች ከጥልቁ እስከ አፉ በመሰላል ተደርድረው ባልዲውን እየተቀባበሉ፣ እየዘፈኑ ያወጣሉ። የዘፍጥረትን እረኞች በዓይነ ኅሊናው ማየት የፈለገ ሰው ያቤሎ ድረስ ቢሄድ አይቈጭም።

ወደ ያዕቆብ ጕድጓድ እንምጣ። ቅዱስ ዮሐንስ በወንጌሉ ምዕራፍ 4 ጌታችን መንገድ ደክሞት የተቀመጠበት ጕድጓድ በሲካር አጠገብ እንደ ነበረ ጽፏል። ቦታው ዛሬ ናብሉስ በምትባለው ከተማ ዳርቻ፣ ከገሪዛን ተራራ ግርጌ ይገኛል። ኦሪት ዘፍጥረት ያዕቆብ በሴኬም አጠገብ ከኤሞር ልጆች መሬት መግዛቱን ይናገራል (ዘፍ. 33)፤ ጕድጓድ መቈፈሩን ግን አይጠቅስም። ቈፋሪው ማን እንደ ነበረ በወንጌል የነገረችን ውኃ ልትቀዳ የመጣችው ሳምራዊት ሴት ናት። እርስዋም ያወቀችው ከአገርዋ ሰዎች ሲወርድ ሲዋረድ ከመጣ ትውፊት ነው።

አንድ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። የሴኬም ሸለቆ ምንጭ የሞላበት ነው። ያዕቆብ ይህን ሁሉ የሚፈስ ውኃ እያየ ዐለት ሰንጥቆ በአሥር ሜትሮች የሚቈጠር ጥልቀት ያለው ጕድጓድ ለምን ቈፈረ? ታሪኩን የመረመሩ ሰዎች የሚሰጡት መልስ ልብን ይነካል። ምንጮቹ ባለቤት ነበራቸው፤ ያዕቆብ ደግሞ እንግዳ ነበር። የአባቱ እረኞች በኤሴቅና በስጥና ያዩትን ሰምቶ ያደገ ልጅ፣ በገንዘቡ በገዛው መሬት ላይ ማንም የማይከራከረውን ውኃ ፈለገ። ይህ ግምት እውነት ከሆነ የአባቱን ጠብ ላለመድገም ሲል ድካሙን በእጥፍ ተሸከመ ማለት ነው።

የወንጌሉ የጽርእ ንባብ ስለዚህ ውኃ ሁለት ቃላትን ይጠቀማል። ወንጌላዊው ጌታ የተቀመጠበትን ስፍራ ሲናገር ምንጭ ይለዋል፤ ሴቲቱ ግን ስለ ጥልቀቱ ስትናገር ጕድጓድ ትለዋለች። በግእዝ ነቅዕና ዐዘቅት ብለን እንደምንለያቸው ማለት ነው። ጸሐፊው አልተምታታበትም። የያዕቆብ ጕድጓድ ላይኛው ክፍል በድንጋይ የተገነባ፣ ታችኛው ክፍል በኖራ ድንጋይ ዐለት ውስጥ የተፈለፈለ ነው፤ ውኃው ግን ከታች ከዐለቱ ይመነጫል። አፉን ያየ ጕድጓድ ይለዋል፤ ከሥሩ ያለውን ያወቀ ምንጭ ይለዋል። ጌታም ለሴቲቱ ስለሚሰጣት ውኃ ሲነግራት የመረጠው ምንጭ የሚለውን ቃል ነው።

ይህ ጕድጓድ ብዙ ዘመን አይቷል። እ.ኤ.አ. በ333 ከቦርዶ ወደ ኢየሩሳሌም የተጓዘ ተሳላሚ ስለ ጕድጓዱ ጽፏል፤ ስለ ቤተ ክርስቲያን ግን አላነሣም። በዚያው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በላዩ ቆሞ ነበር። ፈረሰ፤ ተሠራ፤ እንደ ገና ፈረሰ። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የለካው መንገደኛ ጥልቀቱን ከ30 ሜትር በላይ ሆኖ አገኘው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲለካ ግን 23 ሜትር ያህል ብቻ ቀርቶት ነበር። የደፈነው ጠላት አልነበረም። ሊሳለሙ የሚመጡ ሰዎች ጥልቀቱን በድምፅ ለማወቅ እያንዳንዳቸው ጠጠር ይጥሉበት ነበር፤ የፈራረሰው ሕንፃ ድንጋይም ገብቶበታል። ኋላ ተጠርጎ እ.ኤ.አ. በ1935 ሲለካ 41 ሜትር ያህል ሆነ።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከፍልስጥኤማውያን ይልቅ ተሳላሚዎቹ አሳዘኑኝ። የይስሐቅን ጕድጓዶች የደፈናቸው ቅናት ነው፤ የያዕቆብን ጕድጓድ የደፈነው ግን ፍቅር ነው፤ ጥንቃቄ የጎደለው ፍቅር።

በዚሁ በምዕራፍ 4 አንድ ነገር ላሳያችሁ። ሴቲቱ እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሮጣለች። ደቀ መዛሙርቱ ምግብ ገዝተው መጥተዋል። ጌታም በጕድጓዱ አፋፍ እንዳለ ስለ መከር ይነግራቸዋል፤ እነርሱ ባልደከሙበት ነገር ሌሎች እንደ ደከሙ፣ እነርሱም በሌሎች ድካም እንደ ገቡ ይገልጥላቸዋል (ቍጥር 38)። ይህን ቃል ስለ ነቢያት ድካምና ስለ ሐዋርያት አገልግሎት እንደ ተነገረ አባቶች ይተረጕሙታል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን የት ሆኖ እንደ ተናገረው አስቡ። በእጅ በተፈለፈለ ዐለት ላይ ተቀምጦ ነው። ያዕቆብ ከሞተ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አልፏል፤ ሳምራውያኑ ግን ያን ዕለትም ከእርሱ ድካም ይቀዱ ነበር። ቃሉ የተነገረበት ቦታ ራሱ ምሳሌው ነበር።

በምድር ሆድ ያለ ውኃ ሁሉ ጠባዩ ይህ ነው። ዛሬ ከጕድጓድ የምንቀዳው ውኃ ዛሬ የዘነበ አይደለም። አንዳንዱ የአምና፣ አንዳንዱ የአያቶቻችን ዘመን ዝናም ነው። በግብፅ፣ በሊቢያ፣ በሱዳንና በቻድ በረሃዎች ሥር ያለው ታላቅ የውኃ ክምችትማ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት፣ በረሃው ለምለም በነበረ ጊዜ የዘነበ ነው።

በረሃን ካነሣን አባ እንጦንስን ማለፍ አይገባም። ቅዱስ አትናቴዎስ በጻፈው ገድሉ እንደምናነበው፣ ቅዱሱ ከሰው ውዳሴ ሸሽቶ ሦስት ቀንና ሌሊት ተጉዞ ወደ አንድ ተራራ ደረሰ። ከተራራው ግርጌ ጥሩ፣ ጣፋጭና ቀዝቃዛ ውኃ አገኘ፤ ቦታውንም ወደደው። ኋላም ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች ከዚያ ሁሉ መንገድ ድካም ጥቂት እንዲያርፉ ብሎ አትክልት ተከለ። ያ ምንጭ በቀይ ባሕር አቅራቢያ ባለው በቅዱስ እንጦንስ ገዳም ዛሬም ከዐለት ስንጥቅ ይፈልቃል። ቅዱሱ እ.ኤ.አ. በ356 ዐረፈ፤ ገዳሙ ግን ምንጩን ይዞ ቆየ። በዚህ ላይ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። በየዕለቱ በቤተ ክርስቲያን የምናነበው ስንክሳር ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ በዚሁ ገዳም፣ አባ ስምዖን በሚባል መነኵሴ እጅ ነው። ያ መነኵሴ ብርዕ ይዞ ሲደክም የጠጣው የዚያን ዐለት ውኃ ነው። የእኛ ንባብ ከዚያ ምንጭ አጠገብ እንደ ተቀዳ ሳስብ ስንክሳሩ ሲነበብ የማዳምጥበት ጆሮ ተለወጠብኝ።

በአገራችንም ከላሊበላ ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የቅዱስ ነአኵቶ ለአብ ገዳም አለ። ቤተ ክርስቲያኑ የተሠራው በተንጣለለ የዋሻ ጣሪያ ሥር ነው፤ ከዐለቱም ጠብ ጠብ የሚለው ውኃ ዘመን ብዛት በቦረቦራቸው የድንጋይ ገበታዎች ውስጥ ይጠራቀማል። ምእመናን ጠበል አድርገው ይወስዱታል። አባቶች እንደሚተርኩት ንጉሡ የጌታን ሕማማት እያሰበ ያነባ ነበርና ዐለቱ እስከ ዕለተ ምጽአት ስለ እርሱ እንዲያነባ ቃል ኪዳን ተሰጠው። የመሬት ትምህርት የተማረ ሰው ደግሞ በክረምት ከላይ በተራራው ላይ የወረደው ዝናም በዐለቱ ስንጥቅ ቀስ እያለ ሰርጎ በበጋም ሳያቋርጥ እንደሚንጠባጠብ ይነግራችኋል። ቀድሞ ቢሆን ከሁለቱ አንዱን ምረጥ የተባልሁ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን እላለሁ፤ አንደኛው ውኃው በየት እንደ መጣ ይናገራል፤ ሁለተኛው ለምን እንደ ተሰጠ ይናገራል።

ለጓደኛዬም መመለስ የነበረብኝ ይህን ነው። አዎን፣ ጠበል የከርሰ ምድር ውኃ ነው። ጌታችን የተጠመቀበት ዮርዳኖስ ራሱ ከአርሞንኤም ተራራ ግርጌ ከሚፈልቁ ምንጮች የሚነሣ ነው፤ በተራራው ላይ የቀለጠ በረዶና ዝናም በኖራ ድንጋይ ውስጥ አልፎ የሚወጣበት። በጥምቀት በዓል የምናከብረው ውኃም ከምድር ሆድ የወጣ ነበር። እግዚአብሔር ጸጋውን በውኃ ላይ ሲያሳድር ከዚህ ዓለም ያልሆነ ሌላ ውኃ አልፈለገም፤ በጸሎት፣ በስመ ሥላሴና በመስቀል የሚባረከው ይኸው ዐፈር ያጣራው ውኃ ነው። ስለዚህ ጠበልን የሚያከብር ሰው ዐፈሩን ሊንቅ አይችልም።

ይህን የምለው ለክርክር አይደለም። ወደዚያች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ባለፈው ሐምሌ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ቄሰ ገበዙን አግኝቼ ውኃው ከቀድሞው እንደ ቀነሰ ስጠይቃቸው ወደ ኮረብታው ራስ አመለከቱኝ። «ልጄ፣ የጠበሉ ራስ ከላይ ነው፤ እዚህ የምታየው አፉ ነው። አባቶቻችን ከዚያ በላይ መጥረቢያ አያሳርፉም ነበር» አሉኝ። ከላይ የነበረው የወይራና የጽድ ደን ከጥቂት ዛፍ በቀር አልቋል። በምትኩ ባሕር ዛፍ ቆሟል። ይባስ ብሎ፣ ለእንግዶች ታስቦ በቅን ልቡና የተቈፈረ መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በላይ፣ ሠላሳ ርምጃ ያህል ርቆ አለ። የእኛ ተራራማ አገር ዐለት ንብርብር ነው፤ ከላይ የፈሰሰው በስንጥቁ ሰርጎ ውኃ የማያሳልፍ ንብርብር ሲያገኝ ወደ ጎን ሄዶ በኮረብታው ወገብ ይወጣል። ዝናሙ በሚሄድበት መንገድ የጕድጓዱም እድፍ ይሄዳል። የያዕቆብን ጕድጓድ በጠጠር የሞሉት ተሳላሚዎች ትዝ አሉኝ።

በየአጥቢያችሁ ጠበል ካለ ከላዩ ያለውን መሬት ወጥታችሁ እዩት። ማን እንደሚያርሰው፣ ምን እንደ ተቈፈረበት፣ ቅጽሩ በሲሚንቶ ሲነጠፍ ዝናሙ ወዴት እንደ ተመለሰ ጠይቁ። ሰበካ ጉባኤው ሳያውቅ ምንም አትጀምሩ፤ ያወቀ እንደ ሆነ ግን ክረምቱ ሳያልፍ ጀምሩ።

እኛ ጥቂት ወጣቶች ሆነን መጸዳጃ ቤቱ ከምንጩ በታች እንዲዛወር ለምነን ተፈቀደልን። አሮጌው ተዘጋ። በኮረብታው ራስ ላይ ደግሞ ሦስት ቅዳሜ እርከን ሠራን፤ የወይራ ችግኝም ተከልን። ያ የክፍል ጓደኛዬ ሳልጠራው ሰምቶ መጣ፤ ውኃ ልክና ሲባጎ ይዞ እርከኑ የሚያልፍበትን መስመር ያስተካከለልን እርሱ ነው። ሲመሽ ቄሰ ገበዙ በጣሳ ውኃ ቀድተው ለሁላችን ሰጡን። እርሱም ጠጣ። ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ምንጩ ጨምሮ እንደ ሆነ የሚታወቀው በመጋቢት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።